የውሃ አባት የሌለው ውሃ

መንገደኛ የዓባይን በረሃ የሚያውቀው በሙቀቱና በጥምዝምዙ ነው። ከጎሐ ጽዮን አፋፍ ቁልቁለቱ ሲጀመር ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ ተሳፋሪው ጋቢውን ከትከሻው ያወርዳል፣ እስከ ድልድዩ ድረስም ወሬው ቀዝቀዝ ይላል። እኔ ይህን መንገድ የምወደው ለግድግዳው ነው። ዓባይ አገሩን ከአናቱ እስከ ጉልበቱ ሰንጥቆ፣ ሌላ ቦታ ተሸፍኖ የሚቀረውን የምድር ሆድ ከአስፋልቱ ዳር ገልጦ አቁሞታል። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ወደ 1,400 ሜትር ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተነስቶ ወደ ጥንታዊ ባሕር ወለል ይገባል፤ ባሕሩንም አልፎ ከባሕሩ በፊት በነበረ አሸዋ ላይ ይደርሳል።

ላዩ ጥቁር ነው፣ ባዛልት። ዝቅ ሲል ድንጋዩ እየነጣ ወደ ግራጫና ወደ ቢጫ ይለወጣል። ይህ በትግራይ አንጣሎ ስም የሚጠራው የኖራ ድንጋይ ነው። መኪናችን ፍሬኑን ሊያቀዘቅዝ ሲቆም ከመንገዱ ዳር አንድ ስባሪ አነሳሁ። መዳፍ በማትሞላ ድንጋይ ላይ ዛጎሎች ተደራርበው ተጣብቀዋል፤ አንዱ ግማሹ ክፍት ሆኖ በጥፍር ሲዳሰስ የጠርዙ ጥርስ ጥርስ ይታወቃል። በጁራሲክ ዘመን ከምሥራቅ የመጣው ባሕር፣ ዛሬ ጤፍ የሚዘራበትን ይህን አገር ሸፍኖት ነበር። ከኖራው በታች ጂፕሰምና የጭቃ ድንጋይ እየተፈራረቁ ይመጣሉ። ይህን ንብብር ኢትዮጵያዊው የሥነ ምድር ሊቅ ጌታነህ አሰፋ በጎሐ ጽዮን ስም ሰይመውታል። ከሁሉም ስር፣ ወንዙ አጠገብ፣ ቀላ ያለው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይቆማል።

ውሃ በእነዚህ አለቶች ውስጥ የሚሄደው እንደየጠባያቸው ነው። በአሸዋ ድንጋዩ ውስጥ በቅንጣት መሐል ባለች ክፍተት እየተሹለከለከ፣ በዓመት በሜትር በሚቆጠር ዝግታ ይጓዛል። ኖራው ውስጥ ስንጥቅ ይፈልጋል፣ ስንጥቁን እያሟሟ ያሰፋዋል፣ ቆይቶም ይሮጥበታል። ባሌ ውስጥ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀው የሶፍ ኡመር ዋሻ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ጂፕሰሙን ደግሞ እያሟጠጠ ይበላዋል፤ ከዚያ ያለፈ ውሃ ምላስ ላይ መረር ይላል። የጭቃ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ግን እንደልቡ አያልፍም። ወደ ታች መንገድ ያጣ ውሃ ወደ ጎን ይሄድና ገደሉ ፊት ላይ ብቅ ይላል። በበጋ እንኳ ቋጥኝ ከቋጥኝ በሚገናኝበት መስመር ላይ ቀጭን የለምለም ሣር ቀበቶ የሚታየው ለዚህ ነው። ከአንዷ እንዲህ ያለች ምንጭ ስር ሁለት ልጃገረዶች ቢጫ ጀሪካን ደቅነው ቁጭ ብለዋል። ቀጭኗ ጅረት ጀሪካኑን እስክትሞላ ጥጥ ይፈትላሉ።

ውሃ እንዲህ በድንጋይና በአሸዋ መሐል የሚሄድበት ሕግ አለው። የዲዦንን ከተማ ውሃ ያደራጀው ፈረንሳዊ መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ፣ በአሸዋ በተሞላ ቱቦ ውስጥ ውሃ እያሳለፈ ለክቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1856 አሳተመ። የውሃው ፍጥነት የሚወሰነው በላይኛውና በታችኛው ጫፍ ባለው የውሃ ከፍታ ልዩነት፣ በጫፎቹ ርቀትና በአሸዋው የማሳለፍ አቅም ነው። እስከ ዛሬ የከርሰ ምድር ውሃ ሙያ ሁሉ በዚህች ሕግ ላይ ቆሟል። ዓባይ በረሃ ላይ ሕጉን በዓይን ማየት ይቻላል። ላይኛው ጫፍ ጎሐ ጽዮን ነው፣ ታችኛው ጫፍ ወንዙ ነው፣ የሚያሳልፈውም የማያሳልፈውም አለት በመሐል ተደርድሯል።

መንገድ ያጣው ውሃ አስፋልቱንም አይምረውም። ውሃ የጠገበ የጭቃ ድንጋይ ይላላል፣ የተሸከመውን ቋጥኝ ይዞ ወደ ሸለቆው ያዘነብላል። ከጎሐ ጽዮን ከወንዙ ማዶ እስካለችው ደጀን ያለው መንገድ እየሰመጠ፣ እየተሰነጠቀና እየተጠገነ የሚኖረው ከዚህ የተነሳ ነው። በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ጸንቶ ቆሟል። ወደሱ የሚያደርሰው መንገድ ግን ይሄዳል። የጃፓኑ የትብብር ድርጅት የጃይካ ባለሙያዎችም ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ይህንኑ መንሸራተት አጥንተዋል። የከርሰ ምድር ውሃ ሩቅና ድብቅ ነገር ነው ለሚል ሰው፣ ከመኪናው መስኮት ውጭ የሚታየው ወልጋዳ አስፋልት በቂ መልስ ይመስለኛል።

አንድ ንብብር አልፌ ነበር። በሙገርና በጀማ ሸለቆዎች ጎልቶ የሚታየው፣ ከአንጣሎ ኖራ በላይ ያለው የጭቃ ድንጋይ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ወንዞች እየተጠማዘዙ በሜዳ ላይ ሲፈሱ፣ በየክረምቱ እየሞሉ ሲተኙበት የተከመረ ጭቃና አሸዋ ነው። በጀማ ወንዝ አካባቢ ከዚህ ጭቃ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርስ ተገኝቷል። ማለትም በዚያ ዘመን እዚህ ጎርፍ የሚያጥለቀልቀው፣ እንስሳ የሚሰማራበት፣ ወንዝ አልጋውን የሚለዋውጥበት ሰፊ ሜዳ ነበር። መድረሻዬ የእናቴ ወገኖች የሚኖሩበት፣ ከጣና ሐይቅ ምሥራቅ ያለው ደራ ነበርና፣ ከደራ ቀጥሎ ስለተዘረጋው ስለ ፎገራ ሜዳ ማሰብ የጀመርኩት እዚያው በረሃው ውስጥ ነው። ፎገራ ዛሬ በመሠራት ላይ ያለ የደለል አለት ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች በየክረምቱ የሚያነጥፉት ጭቃ፣ ምድር ጊዜ ብትሰጠው፣ በሙገር ገደል ላይ የሚታየውን ይሆናል።

ደጀን ወጥቶ የጎጃምን ሜዳ ሲይዙት ግድግዳው ይጠፋል። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ባሕር ዛፍ፣ እንደገና ጤፍ። ምድሩ ሁሉ በባዛልት ተሸፍኗል፣ ከስሩ ያለውም አለት እስከ ጣና ድረስ ለዓይን አይገለጥም። በበረሃው የታየው ንብብር ግን በደጀን አያበቃም። የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲዋ ካቲ ዋለርና ሶፊ ሃውቶት ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ከጣና ደቡብና ምሥራቅ በ27 ቦታዎች ላይ የምድርን ተፈጥሯዊ የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ ለክተው ነበር። ደረቅ ባዛልት ኤሌክትሪክን አያሳልፍም፤ ውሃና ሸክላ የያዘ ደለል ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት፣ 160 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር ላይ፣ ከባዛልቱ በታች በአማካይ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው የደለል አለት እንዳለ አሳይቷል። ውፍረቱ ዓባይ በረሃ ላይ ከሚታየው ጋር ይቀራረባል። በሌላ አነጋገር ጎሐ ጽዮን ላይ ቁልቁል ያየሁት ባሕር፣ አሸዋና ጭቃ አጎቴ በሬ ከሚጠምዱበት አገር ስርም አለ።

ባሕር ዳር ሲገባ ሰው የሚያወራው ስለ ሐይቁ ነው። ከተማዋ ግን ዓይኗን ሐይቁ ላይ ጥላ ከከርሰ ምድር ስትጠጣ የኖረች ናት። የአረቄና የሎሚ ምንጮች ውሃ ከጣና አይቀዳም፤ እሳተ ገሞራ በቅርቡ የምድር ዘመን ካፈሰሰው፣ ቀዳዳ ከበዛበት ድንጋይ ስር የሚፈልቅ ነው። አዲስ አበባም እንዲሁ ናት። የምንኮራው በለገዳዲ ግድብ ነው፣ ብዙ ሰፈር ያለ አቃቂ ጉድጓዶች ውሃ እንደማያገኝ ግን እንረሳዋለን። በእኔ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሌሊት የሚነቃ ሰው አለ፤ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ግን አይቼ አላውቅም።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ሐሙሲት ላይ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ አገሩ ይሰበሰባል። ጉብታ፣ ባሕር ዛፍ፣ የድንጋይ ካብ፣ ዳጉሳው የታጨደበት ማሳ። የደራ ወረዳ መዲና አንበሳሜ ከዚህ ጉብታ መሐል የተቀመጠች ከተማ ናት። የደረስኩት በገበያ ቀን ነበርና ባጃጁ በሽንኩርት ጆንያ መሐል እየተሽሎከለከ ወደ አጎቴ ቤት አደረሰኝ።

ምሳ የዳጉሳ እንጀራ በጓያ ሽሮ ነበር፣ ጎኑ ላይ ድልህ። ጠላው ቀላ ያለና ለስለስ ያለ ነው። የአጎቴ ባለቤት ሩዝ እንደጨመሩበት ነገሩኝ። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በፎገራ ሜዳ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት የሞከሩት ሩዝ፣ ዛሬ በእንጀራውም በጠላውም ገብቶ የአገር ምግብ ሆኗል። እስካሁን በሰፊው የሚዘራው ዝርያ ስሙ ኤክስ ጅግና ነው። ለውጡ ከአንድ ትውልድ ብዙም አልፈጀም። እኛ ከተሜዎች ገጠር አይለወጥም ስንል፣ ገጠሩ እንጀራውን ሳይቀር ለውጦ ይጠብቀናል።

ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ አለ። አፉ በድንጋይ የተካበ፣ በላዩ የባሕር ዛፍ ግንድ የተጋደመበት፣ ከመኪና ከመነዳሪ የተሰፋ መቅጃ በናይለን ገመድ የተንጠለጠለበት። ገመዱ ላይ የጨርቅ ቁራጮች ተቋጥረዋል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ የደበዘዘ አረንጓዴ። ምን እንደሆኑ ብጠይቅ የአጎቴ ባለቤት ገመዱን በእጃቸው እየሳቡ አሳዩኝ።

«ይቺ ነጯ መስቀል ላይ ውሃው የነበረበት ናት። አረንጓዴዋ የጥምቀት። ቀይዋ ግንቦት ላይ የታሰረች ናት፣ የዛሬ ሦስት ዓመት። አምና ግን ቀይዋን አልፎ ወርዶ ገመድ ቀጠልኩ፣ እየው።»

እውነትም ከቀዩ በታች ሌላ ገመድ ተቀጥሏል፤ ቋጠሮው ገና አዲስ ነው። ከዚህ የበለጠ የተሟላ የከርሰ ምድር ውሃ መዝገብ በአካባቢው አላየሁም። አንድ ሴት፣ ማንም ሳያዛቸው፣ የውሃውን መውጣትና መውረድ በጨርቅ ጽፈዋል።

አጎቴ ጉድጓዱን ሲቆፍሩ ያለፉትን ነገሩኝ። ላዩ ቀይ አፈር፣ ከስሩ በእጅ የሚፈረፈር የበሰበሰ ድንጋይ፣ ከዚያ ደግሞ ዲጂኖ የሚመልስ ጥቁር ቋጥኝ። ውሃው የተገኘው በፈረፈሩና በቋጥኙ መሐል ነው። ለአገሩ ቆፋሪ ሁሉ ይህ የታወቀ ነው፤ የበሰበሰው ድንጋይ ያጠራቅማል፣ ደረቁ ቋጥኝ ይይዛል። የአንበሳሜ ውሃ የሚኖረው እዚያች ስስ ንብርብር ውስጥ ነው። ዝናብ በገባ በወራት ውስጥ ይሞላል፣ በጋው በገፋ ቁጥር ወደ ጉማራ እየሸሸ ይጎድላል። ከቋጥኙ በታች በስንጥቅ የሚሄድ ሌላ ውሃ አለ፣ የወረዳው ጥልቅ ጉድጓዶች የሚስቡት። ከሱም በታች በደለሉ አለት ውስጥ ያለው፣ ከሁሉ ዘግይቶ የሚጓዘው ነው።

ከጥልቅ ምድር የሚመጣ ውሃ በዓይን ማየት የፈለገ ሰው ወደ ዋንዛዬ ይውረድ። ዋንዛዬ በዚያው በደራ፣ በጉማራ ወንዝ አጠገብ ያለ ፍል ውሃ ነው። ጠበል ነውና ከሩቅ የመጣ ሕመምተኛ በየጥላው ስር ሰንብቷል። ወገቡን የያዘው፣ እግሩ ያበጠው፣ ቆዳው የተላጠው። ወደ ገንዳው ቀረብ ሲሉ ፊት ላይ ሙቀት ይመታል፣ ድንጋዩ ላይ ነጭ የማዕድን ቅርፊት ጋግሯል። አንድ ሽማግሌ በሁለት ልጆቻቸው ተደግፈው ገቡ፣ እስከ አንገታቸው ሰጠሙ፣ «እፎይ ጌታዬ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ምድር ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር በአማካይ በየኪሎ ሜትሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ትሞቃለች። የዝናብ ውሃ እንዲህ ሊግል የሚችለው ወደ ጥልቁ ወርዶ፣ እዚያ ሰንብቶ፣ ከዚያም ሳይቀዘቅዝ ፈጥኖ የሚወጣበት ስንጥቅ ሲያገኝ ነው። ስንጥቁ እዚህ አይጠፋም። ከደብረ ታቦር፣ ከጎንደርና ከደንገል በር አቅጣጫ የሚመጡ ሦስት የምድር ስርጉዶች ጣና ላይ ይገናኛሉ። ሐይቁ ራሱ የተቀመጠው በመገናኛቸው ላይ ነው። ሽማግሌው የተነከሩበት ውሃ በአንድ ክረምት ዘንቦ በሌላው የወጣ አይደለም። ጠበል የሚሉት ሰዎችና የውሃ ሊቃውንት በአንድ ነገር ይስማማሉ ብዬ አምናለሁ፤ ይህ ውሃ ከምንጠጣው የተለየ፣ ከሩቅ የመጣና ክብር የሚገባው ነው።

የአንድ ውሃ ዕድሜ የሚታወቅበት መንገድም አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ታላላቆቹ መንግሥታት የኒውክሌር ቦምብ ሲሞክሩ ትሪቲየም የሚባል ነገር ወደ አየር ተበትኖ በዓለም ዝናብ ሁሉ ገባ። ትሪቲየም የሌለበት የጉድጓድ ውሃ ከዚያ ዘመን በፊት የዘነበ ነው። ፀሐይ ያተነነችው ውሃም ምልክት ይቀርበታል፤ ቀላሉ ኦክስጅን ይሄዳል፣ ከባዱ ይቀራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅና መምህር የነበሩት ሰይፉ ከበደ ከባልደረቦቻቸው ጋር በዚህ ዘዴ የጣናን ገቢና ወጪ መርምረዋል። በጎርፍ ሜዳዎቹ ላይ ተኝቶ፣ ሐይቁ ጋ ሳይደርስ በትነት የሚቀረው ውሃ ቀላል እንዳልሆነም አሳይተዋል። ከነዚያ ሜዳዎች አንዱ ፎገራ ነው።

ወረታ መስቀለኛ ከተማ ናት። አንዱ መንገድ ወደ ጎንደር፣ አንዱ በደብረ ታቦር ወደ ወልድያ። የሩዝ መፈልፈያዎቹ ድምፅ ከዋናው መንገድ ይሰማል፣ ገለባው በየግቢው ተራራ ሆኗል፣ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም መቀመጫው እዚህ ነው። ከከተማው ወጣ ሲሉ ሜዳው እስከ ጣና ድረስ እንደ ሌማት ዝርግ ነው። ቀንዳቸው አጭር የሆነው የፎገራ ላሞች ድሮ እንደልብ የሚሰማሩበት ነበር። ሩዙ ግጦሹን እየገፋ ስለመጣ አሁን በመንገዱ ዳርና በወንዙ ጥግ ይታያሉ። ጥር ነውና ሩዙ ተሰብስቦ፣ በቀረው እርጥበት የተዘራው ጓያ ሰማያዊ አበባውን አውጥቷል። ዝናብም መስኖም አላየም። ዋልካው ከክረምቱ የሸሸገውን ውሃ ብቻ እየጠጣ ነው ያበበው።

ዋልካው መሐል ቁጢጥ አልኩ። ባልተዘራው ጥግ አፈሩ ተሰንጥቆ እጄ እስከ አንጓዬ ገባ፤ ላዩ ትኩስ፣ ውስጡ ቀዝቃዛ። ወንድሜ የምለው የአጎቴ ልጅ የሽምብራ ጭራሮ ሰደደበት፣ ክንድ የሚያህለው ገብቶ ቀረ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ውሃው በእነዚህ ስንጥቆች ወደ ውስጥ ይወርዳል። ከዚያ አፈሩ ያብጥና አፉን ይዘጋል። ቀሪው ዝናብ ላዩ ላይ ይተኛል፣ ሩዝም ይሆናል። ፎገራ ከርሰ ምድሩን የሚያጠጣው ባብዛኛው በዚያች አጭር ጊዜ፣ ደግሞም በወንዞቹ ዳርና በተራሮቹ ግርጌ ነው። ሐምሌ ላይ ባሕር የሚመስለውን ሜዳ ያየ ሰው የከርሰ ምድር ውሃው ማለቂያ የለውም ቢል አይፈረድበትም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ሰው እስከ ማፈናቀል ደርሶ ነበር። ነገር ግን ላዩ ላይ የሚተኛውና ወደ ውስጥ የሚገባው የተለያዩ ናቸው።

ጣናም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ከሐይቁ ወለል የወጣው ደለል ሲመረመር፣ ከዛሬ 16,700 ዓመት ገደማ በፊት ሐይቁ ደርቆ እንደነበር ታውቋል። ዝናብ ሲቀር ሐይቁም ወንዞቹም ተያይዘው ሄዱ።

አሁን በጓያው መሐል የሞተር ፓምፕ ድምፅ አለ። ሽንኩርት ገንዘብ ነው። ከርብና ከጉማራ ጥግ ያለ ገበሬ ከወንዝ ይስባል። ወንዝ ያልደረሰው በማሳው ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ፓምፕ ያወርዳል። የአጎቴ ልጅ ያሳየኝ አንድ ማሳ ላይ ጉድጓዱ በእጅ የተቆፈረ ነው፣ ውሃው ግን በሰማያዊ ቱቦ እየተንደቀደቀ ወደ መደቡ ይገባ ነበር። ባለቤቱ ወጣት ነው፣ ሚስቱ ሕፃን አዝላ ቦዩን በአካፋ ታስተካክላለች። በዚህ ሽንኩርት ቆርቆሮ ቤት ሠርተዋል። ይህን ሥራ ክፉ የሚለው ካለ ከእኔ ጋር አይስማማም።

ከጉማራ ዳር ግን ሌላ ነገር አየሁ። ከወንዙ የወጣው ባህላዊ ቦይ የውሃ አባት አለው። ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው የሚመርጡት ሰው ነው፤ ተራ ይደለድላል፣ ቦይ ሲጠረግ ሰው ይጠራል፣ ሌሊት ውሃ የሰረቀውን ያስቀጣል። ሲጣሉ ያስታርቃል። የዚያን ዕለት የውሃ አባቱ ከዋርካ ስር ተቀምጠው ሁለት ጎረቤቶችን ሲያሸማግሉ ደረስኩ። አንዱ ተራዬ ነበር ይላል፣ ሌላው ውሃው ሳያልቅልኝ ዘጋብኝ ይላል። አዛውንቱ ሁለቱንም ሰሙና የሚቀጥለውን ሌሊት ለሁለት ከፈሉላቸው። ነገሩ አለቀ።

«ጋሼ፣ የጉድጓዱን ውሃስ ማን ያካፍለዋል?» አልኳቸው።

«ጉድጓድማ የባለቤቱ ነው ልጄ። በማሳው የቆፈረውን ማን ይጠይቀዋል?»

«የአንዱ ፓምፕ የጎረቤቱን ጉድጓድ ቢያደርቅስ?»

ትንሽ አሰቡ። «እሱማ እየመጣ ነው» አሉ። «አምና ሁለት ሰዎች መጥተውብኝ ነበር። ውሃው በምድር ውስጥ ስለሆነ ፈረድኩ ማለት አልቻልኩም። በዓይኔ ያላየሁትን እንዴት ልፍረድ?»

ይህን መልስ ከብዙ የባለሙያ ገለጻ በላይ አከብረዋለሁ። ሕጉም ያለው እዚያው ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197፣ ከመሬት በላይም ከመሬት በታችም ያለው ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል፤ ውሃ ለመጠቀም ፈቃድ ይጠይቃል፤ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድን ግን ከፈቃድ ነጻ ያደርገዋል። አዋጁ ሲወጣ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ማለት የመቅጃና የገመድ ጉድጓድ ነበር። ትክክልም ነበር፤ አንዲት እናት በጓሮዋ ለምትቀዳው ውሃ ወረዳ ድረስ ሄዳ ፈቃድ ልትጠይቅ አይገባም። ዛሬ ግን በዚያው ጉድጓድ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ሞተር ገብቷል።

ጥልቁን ውሃ በተመለከተ ደግሞ ትምህርቱ ከዓባይ ግርጌ ይገኛል። ከግብፅ፣ ከሊቢያ፣ ከሱዳንና ከቻድ ስር የተዘረጋው የኑቢያ አሸዋ ድንጋይ ወደ ሁለት ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ሊቢያ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ይህን ውሃ በግዙፍ ቱቦ ከበረሃ ወደ ባሕር ዳርቻ ከተሞቿ ስትስብ ኖራለች። ያ ውሃ ሰሐራ ለምለም በነበረበት ዘመን የዘነበ ነው። የተቀዳው አይተካም። በእኛ ባዛልት ስር ያለው የደለል አለትም በተመሳሳይ ዝግታ የሚሠራ ነውና፣ አንድ ቀን ቆፋሪ መሣሪያ እዚያ ሲደርስ እንደ ምንጭ ሳይሆን እንደ ውርስ መቆጠር አለበት።

በዓይን የማይታየውን የከርሰ ምድር ውሃ መለካት ይቻላል፣ ለዚያውም በገበሬ እጅ። ዳንግላ ወረዳ ውስጥ ዳንግሽታ በምትባል ቀበሌ ገበሬዎች ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የጉድጓዶቻቸውን ውሃ ከፍታ፣ ዝናቡንና ወንዛቸውን ሲለኩ ነበር። ከእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ጋር የተሠራው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። የገበሬዎቹ ልኬት ከመደበኛ ጣቢያዎች መረጃ ጋር ሲነጻጸር የሚታመን ሆኖ ተገኝቷል። ደራና ፎገራ ከዳንግላ የሚያንስ ሰው የላቸውም። የጨርቅ ቁራጭ ገመዱ ላይ የምታስር እናት ያለችበት ቤት፣ ለዚህ ሥራ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ስለዚህ ይህን የሚያነብ የወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ካለ፣ ልመናዬ ይህ ነው። በየቀበሌው ጥቂት ጉድጓዶች ይመረጡ፤ የውሃው ከፍታ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ይለካ፤ ቁጥሩ በደብተር ሰፍሮ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቦታ ይቀመጥ። የቦይ የውሃ አባቶችም የጉድጓዱን ውሃ ጉዳይ እንዲዳኙ በማኅበራቸው መተዳደሪያ ይጻፍላቸው። ሞተር የገባበት ጉድጓድ በቀበሌ ይመዝገብ። ጉድጓድ ያለህ አንባቢም ጽሕፈት ቤቱን አትጠብቅ። ገመድህን ዛሬ ለካና ቀኑን ጨምረህ ጻፈው፤ በሚቀጥለው ወርም ድገመው። ሁለት ጎረቤቶች ዋርካው ስር ሲመጡ አዛውንቱ የሚፈርዱበት ነገር የሚያገኙት ከዚያ ደብተር ነው።